ናሙና አሥራ አራት

ጌንት ላይ የሚያልፈው ወንዝ ስሙ «ለየ» ነው፤
በእነሱ ቋንቋ ፍቺውን ጠየቅሁ፣ ማንም አላወቀው።
በእኛ ግን ግልጥ ነው፦
ለየ፣ ገለባን ከፍሬ፣ ሐሰትን ከእውነት፤
እኔም ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚሁ ነው፣ ለመለየት።
(ወንዙ ግን እዚሁ ከተማ ከሌላ ወንዝ ይቀላቀላል፤
ስም እንዲህ ነው፣ ከባለቤቱ ሥራ አንዳንዴ ይጣላል።)

ኅዳር ነው። ዝናቡ እንደ ደላላ አይለቅም።
የከተማው ሠራተኞች በመንጠቆ ከወንዙ ሆድ
ብስክሌት እየጎተቱ ያወጣሉ፤
ዝገት የበላው፣ ሲነኩት የሚፈረፈር፣
ደወሉ ብቻ የቀረ።

ላቦራቶሪ ገባሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ፌስታል፣
«ናሙና አሥራ አራት» የሚል፤
ውስጡ ጨርቅ፣ ጨርቁ በቃጫ የታሰረ፣
ቋጠሮው ሁለት ዙር፣ አንድ ጆሮ፣ በጥርስ የጠበቀ፤
የጓሳ ሴት ካልሆነች ማን እንዲህ አጠበቀ?

ፈታሁት።
ጦስኝ።
ሽታው ጓንቴን አልፎ፣ ጭምብሌን አልፎ አገኘኝ።

ቅጹን አነበብሁ።
ከፍታ፦ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሜትር።
የተለቀመበት ወር፦ ጥቅምት።
ሰጪ፦ ሴት፣ ዕድሜ በግምት ስልሳ።
ለስም የተተወ ቦታ የለውም፤
ለአፈሩ አሲድነት ግን አራት መስመር አለው።

ሙከራው ቀላል ነው።
እንደ ቀበሌ ማኅተም የጠቆረ ሐምራዊ ፈሳሽ አለን፣
ውስጡ ጥንዱን ያጣ ኤሌክትሮን የሚቅበዘበዝ፣
ካገኘው ሁሉ የሚነጥቅ፣ ወንደላጤ ሽፍታ።
ቅጠሉ ከራሱ ቆርሶ ከሰጠው ይረጋል፤
ሐምራዊው ይገረጣል፣ ቢጫ ይሆናል፤
ለዚህ ግን ግማሽ ሰዓት ጨለማ ይፈልጋል።

መብራቱን አጠፋሁ።
እትዬ ብርቅነሽ፣ የእናቴ ታላቅ፣ ትዝ አለችኝ፤
ትንሿ ማሰሮዋ ከጦስኝ ሌላ አታውቅም።
ክዳኑን ላነሣ ስል እጄን መታ ታደርገዋለች፤
«ተዪው! ነፍሱ ይወጣል፣ ምኑን ልትጠጪው ነው?»
ምን ያደርጋል ስላት፣ «ብርድ ያወጣል» ትላለች፤
ሌላስ? «ሌላውን እሱ ያውቃል።»

አልዋሽም፤ ያንኑ እየጠጣች
በሃምሳ ስምንቷ በሳል ሄደች።
ብልቃጥ ሳንባ አይደለም፤
ቢጫ መሆን፣ መዳን አይደለም።

ሰዓቱ ጮኸ። መብራት።
አሥራ ሦስቱ ገርጣ ገርጣ ብለው ቀርተዋል፤
አሥራ አራተኛው የኑግ ማሳ ሆኗል።

ሊቨን ቁጥሩን አይቶ አፏጨ።
«አንቲኦክሲዳንት በእናንተ ቋንቋ ምን ይባላል?» አለኝ።
በመስኮቱ ሥር ብስክሌቶቹ ተደርድረው ያንጠባጥባሉ።
ፀረ ምናምን የሚል ቃል አፌ ላይ መጣ፤
ሬዲዮ እንጂ ሰው የሚለው አይመስልም፣ ዋጥሁት።
«ክዳን» አልሁት።
ሁለቴ አስደግሞኝ በራሱ ፊደል ጻፈው፤
በዚያ ፊደል ክዳንና ኪዳን አንድ ናቸው፣
ወንዙም ቢመጣ አይለያቸው።

የተረፈው ይጣል ይላል ደንቡ፣ ክዳኑ በእግር ከሚከፈተው በርሜል።
ሁሉም ሲሄዱ ከጨርቁ ጥግ በሦስት ጣት ቆንጠር አደረግሁ፣
ሻይ ክፍል ገብቼ ውሃ አፈላሁ።
ኩባያው መክደኛ የለውም፤
የውጤቱን ወረቀት ደፋሁበት።

እንፋሎቱ ከሥር አራሰው፤
ጥቁሩ የቁጥር ቀለም መጀመሪያ ሐምራዊ ሆነ፣
ከዚያ ዳር ዳሩን ይዞ ሰፋ፣
ስልሳ የሚለው ላይ ደርሶ ቆመ።

አምስት ደቂቃ ቆጠርሁ።
እጄ ሁለት ጊዜ ሄደ።
አላነሣሁትም።